የጸጥታ ሹመት የማን አማና ነው?



 

ሱረቱል ቁረይሽን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ልጆቻችን ቁርኣን ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ከሚሐፍዟቸው አጫጭር ሱራዎች አንዷ ናት። ምንም አጭር ብትሆን ግን ብዙዎቻችን በቃላችን ይዘናት ሳናስተውላት እናልፋለን። አላህ (ሱ.ወ.) ለቁረይሾች ከዋለላቸው ውለታ መካከል በዚያች ሱራ ውስጥ ሁለቱን ለይቶ ያወሳቸዋል። አንደኛው ከረሃብ ማጥገቡ ነው፤ ሁለተኛው ከፍርሃት ማሳረፉ ነው። ሁለቱም የተነሡት ስለ ክረምትና ስለ በጋ የንግድ ጉዞ ከተነገረ በኋላ ነው። ለነጋዴ ሕዝብ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ እህል ከጎተራ አይወጣም፤ ሸማም ከሸማኔው እጅ ገበያ አይደርስም። እኛ የግንደወይን፣ የቢቸናና የሞጣ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ነን፤ አብዛኞቻችን ኑሯችንን የመሠረትነው በንግድና በእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ፍርሃት ሲመጣ አስቀድሞ የሚገባው የእኛን ደጅ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ሁለተኛው ጸጋ ነው። ይበልጡንም ደግሞ በሰው ልጅ አስተዳደር ውስጥ ይህን ጸጋ እንዲጠብቅ አደራ ስለ ተሰጠው ሹም ነው።

የሹመቱ ስም በየዘመኑ ተለዋውጧል። በንጉሡ ጊዜ አገር ግዛት ሚኒስቴር ይባል ነበር። በደርግ ጊዜ ከዚያ ሌላ የሕዝብ ደህንነት ጥበቃ ሚኒስቴር የሚባል ተጨመረ፤ ስሙ እንኳ ሲጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። በሽግግሩ መንግሥት ጊዜ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበረ። በኢሕአዴግ ዘመን የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር የሚል ስም ወጣ። ከጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሰላም ሚኒስቴር ተብሏል። በክልል ደረጃ የሰላምና የጸጥታ ቢሮ የምንለው አለ። ከሥሩ ዞን፣ ከዞን ሥር ወረዳ፣ ከወረዳ ሥር ቀበሌና ሚሊሻ ተያይዘው ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ችግር በተፈጠረ ቁጥር አዲስ አበባን ማየት ለምዶብናል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 52 የክልልን ፖሊስ ማደራጀትና በክልሉ ውስጥ የሕዝብን ሰላምና ጸጥታ ማስጠበቅ የክልሉ ሥልጣን መሆኑን ደንግጓል። በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራሉ ኃይል ወደ ክልል የሚገባው ችግሩ ከክልሉ አቅም በላይ ሲሆንና ክልሉ ሲጠይቅ ነው። እንግዲህ ግንደወይን ላይ በሌሊት በር ሲሰበር ቀድሞ የሚጠየቀው በክልሉ ውስጥ ያለው የጸጥታ ሹም ነው። ከቢሮ ኃላፊው ጀምሮ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ላይ እስከተቀመጠው ድረስ ማለት ነው። ይህን የማናውቅ ከሆነ አቤቱታችንም አድራሻ አይኖረውም።

ታዲያ ዲናችን እንዲህ ላለው ሹም ምን መስፈርት አስቀምጧል? በሱረቱል ቀሰስ የሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ስናነብ፣ ልጅቱ አባቷን ይህን ሰው ቅጠረው ስትለው ያቀረበችው ምክንያት ሁለት ነው፤ ብርታትና ታማኝነት። ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) የምስርን ግምጃ ቤት እንዲረከብ በጠየቀ ጊዜ ጠባቂነቱንና ዐዋቂነቱን ነው ያስቀደመው፤ ዘሬ ወይም ወገኔ አላለም። ኢብን ተይሚያህን የመሳሰሉ ዑለማእ ስለ ሹመት ሲጽፉ በእነዚህ ሁለት ባሕርያት ላይ ያተኮሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብርታት ያለው ሁሉ ታማኝ አይደለም፤ ታማኝ ሁሉም ብርታት የለውም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመለሱላቸውን እናውቃለን። አቡ ዘርን የሚያህል እውነተኛ ሰው በምድር ላይ ስንት አለ? ሆኖም ለዚህ ሥራ ደካማ መሆናቸውን፣ ሹመት አማና መሆኑን፣ በሐቁ ካልያዙት ደግሞ በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን በግልጽ ነገሯቸው። እኛ ጋ ሰው ሲሾም በግ ይታረዳል። እነርሱ ዘንድ ሹመት የደረሰበት ሰው ያለቅስ ነበር።

ብርታት ያለ አማና ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴና የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኃላፊ አቶ ምግባሩ ከበደ በጥይት ተመትተው ሕይወታቸው አለፈ። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። መንግሥት ድርጊቱን የመራው የክልሉ የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ ናቸው አለ። እርሳቸውም በሁለተኛው ቀን ተገደሉ። ስለዚህ በፍርድ ቤት ቆመው ቃላቸውን አልሰጡም፤ እኔም በሞተ ሰው ላይ ዳኛ ሆኜ አልቀመጥም፤ ፍርዱ የአላህ ነው። ነገር ግን ስለ ወንበሩ መናገር እችላለሁ። የክልሉን ሕዝብ እንዲጠብቅ የተዘረጋ አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት በአንድ ማታ የክልሉ ትልቁ ስጋት ሆኖ ተገኘ። ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ሰው የብርታት መለኪያ ነበረ፤ ሥልጣኑን ከመንገድ ሲወጣ የሚይዝ ልጓም ግን አልነበረም። ልጓም የሌለው የጸጥታ ሹም ደግሞ በማንም ላይ ሊዞር ይችላል፤ ዛሬ በባልደረባው፣ ነገ በነጋዴው፣ ከነገ ወዲያ በመስጊዱ።

ከዚያ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር፤ ጁሙዓ። ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ፤ ጋዩ። እኛ ወሬውን በስልክ ሰማን። መጀመሪያ አንድ ተቃጠለ ተባለ፤ ቆይቶ ሁለት ተባለ፤ በመጨረሻ አራት መሆናቸው ታወቀ። ሞጣ ትልቅ ከተማ አይደለችም። በአንዲት ከተማ እሳት ከአንድ መስጊድ ወደ ሌላው የሚሻገረው በነፋስ አይደለም፤ በሰው እግር ነው። የሰው እግር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄያችን እሳቱን ማን ለኮሰው የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው መስጊድ እስኪደርሱ ጊዜውን ማን ሰጣቸው? ያን ጊዜ 15 ያህል ተጠርጣሪዎች መያዛቸው ተነገረ። መልካም ነው። ግን የለኮሰ እጅ እንደሚጠየቅ ሁሉ ሳይዘረጋ የቀረ እጅም መጠየቅ አለበት። በሸሪዓ እረኛ የሚጠየቀው ተኩላው ስለ በላው ብቻ አይደለም፤ እርሱ የት እንደነበረም ጭምር ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) በኢራቅ ምድር አንዲት በቅሎ ብትደናቀፍ መንገዷን ለምን አላስተካከልክላትም ተብዬ እጠየቃለሁ ብለው ይፈሩ እንደነበር ይተረካል። መዲና ተቀምጠው ለኢራቅ በቅሎ የፈሩ ሰው፣ ከቢሯቸው ለማይርቅ መስጊድ ምን ይሉ ነበር?

የሞጣው ጉዳይ የተቀሰቀሰው ከዚያ ቀናት ቀደም ብሎ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ በሚል ወሬ መሆኑን የክልሉ ፖሊስ በጊዜው ገልጾ ነበር። ይህን ስሰማ የመጣብኝ በሱረቱ ኒሳእ ስለ ጸጥታ ወሬ የተነገረው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) የሰላም ወይም የፍርሃት ወሬ ሲደርሳቸው ወዲያው የሚያሰራጩ ሰዎችን ይወቅሳል፤ ወሬው ወደ መልእክተኛውና ወደ ባለሥልጣናቱ ቢመለስ ኖሮ መርምሮ የሚያወጣው ሰው ያውቀው እንደነበር ይነግረናል። እዚህ ላይ ሁለት ግዴታ አለ። አንዱ የሕዝቡ ነው፤ ወሬን ሳያጣሩ አለማውራት። ሌላው የሹሙ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይህኛው ነው። ወሬ ወደ ሹሙ ይመለስ ዘንድ ሹሙ የሚመረምር መሆን አለበት፤ የመረመረውንም በጊዜው ለሕዝብ መናገር አለበት። በቤተ ክርስቲያኑ ላይ ስለ ተነሣው እሳት ምንነት በማግስቱ በአደባባይ፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመስጊድ ደጅ እውነቱ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ወሬው ለቀናት እየተብላላ ዓርብን ባልጠበቀ ነበር። የጸጥታ ሥራ ከዱላው በፊት ይህ ነው። ዱላ የሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ቃል የዘገየ ዕለት ነው።

ስለ እምነት ቤቶች ስናነሣ ደግሞ ሚዛናችን አንድ መሆን ይኖርበታል። በሱረቱል ሐጅ አላህ (ሱ.ወ.) ሰዎችን አንዱን በአንዱ ባይከላከል ኖሮ የመነኮሳት ገዳማት፣ ቤተ ክርስቲያናት፣ ምኩራቦችና ስሙ በብዛት የሚወሳባቸው መስጊዶች ይፈርሱ እንደነበር ይገልጻል። መስጊድ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው የተጠቀሰው። ዑለማእ በዚህ ላይ ብዙ ብለዋል፤ ለእኔ ግን የሚበቃኝ ሁሉም በአንድ ጥበቃ ሥር መጠቀሳቸው ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሼህ ከማል ለጋስን ጀናዛ ሊቀብሩ የወጡ ሙስሊሞች ጥቃት ደርሶባቸው ከ20 በላይ ሰው ሲሞት ልባችን ተሰበረ። ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወራቤ ላይ ቤተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ግን አንዳንዱ ወንድማችን ዝም አለ፤ አንዳንዱም ይበላቸው ያለ ይመስላል። ይህ ከዲናችን አይደለም። የወራቤው ክርስቲያን የጎንደሩን ጀናዛ አልደበደበም። ሞጣ ላይ ስለ መስጊድ የጮኸ አፍ ወራቤ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን ካልጮኸ፣ ጩኸቱ ስለ ሐቅ ሳይሆን ስለ ወገን ነበር ማለት ነው። የጸጥታ ሹምም እንዲሁ ነው። አንዱን በእሳት አጥፊ መኪና፣ ሌላውን በአጽናኝ መግለጫ የሚያስተናግድ ከሆነ ወንበሩን በሐቁ አልያዘም።

ሌላም ነገር አለ። ጥበቃ እንጠይቃለን ስንል ማንኛውንም ጥበቃ ማለታችን አይደለም። የጸጥታ ሹም ከእኛ ላይ እሳትን እንዲከለክል እንፈልጋለን፤ በእኛ ላይ ጆሮ ሆኖ እንዲያድር ግን አንፈልግም። በሱረቱል ሑጁራት የሰውን ነውር መሰለል ተከልክሏል። ዑመር (ረ.ዐ.) በሌሊት ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በግድግዳ ተንጠላጥለው ገብተው ሰውየውን በጥፋት ላይ አገኙት ይባላል። ሰውየውም፣ እኔ አንድ ባጠፋ አንተ ሦስት አጥፍተሃል፤ ሰልለሃል፣ በደጅ አልገባህም፣ ፈቃድም አልጠየቅህም አላቸው። ዑመርም ትተውት ወጡ። ምን ዓይነት ሰው፣ ምን ዓይነትስ ሹም! የደህንነት ሰዎቻችን ይህን ታሪክ በየሥልጠናው ቢሰሙት እወድ ነበር።

ምክንያቱም እኛ ሌላውን ፊት አይተናል። በየካቲት 1987 ዓ.ም. በአንዋር መስጊድ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሣው የሙስሊሞች ጥያቄ ደግሞ የእምነት ነጻነት ጥያቄ ነበር፤ መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ፣ በአንድ አስተሳሰብ በግድ አንጠመቅ የሚል ነበር። ጉዳዩን በመንግሥት በኩል የያዘው ያኔ የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ነበረ። ወኪሎቻችን በሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ከእነርሱ መካከል የየሙስሊሞች ጉዳይ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዩሱፍ ጌታቸው ይገኝበታል። ብዙዎቹ በየጊዜው ተፈቱ፤ የመጨረሻዎቹ በየካቲት 2010 ወጡ። አዋጁም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። አላህ ይመስገን። ግን ልብ በሉ፤ ጥያቄ ይዞ የመጣን ሕዝብ እንደ ስጋት ለመሰለል ያን ሁሉ ዐቅም ያገኘ መንግሥት፣ ሞጣ ላይ እሳት ይዞ የመጣን ሰው ለመያዝ ዐቅም አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? የዐቅም ጉዳይ አይደለም፤ ዓይኑ ወዴት ነው የሚያየው የሚለው ነው።

በዚህ አጋጣሚ በመካከላችን የምሰማውን አንድ አነጋገር ማንሣት እፈልጋለሁ። ሞጣ በተቃጠለችበት ጊዜ የሰላም ሚኒስትሯ ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ነበሩ። ሙስሊም ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በጥቅምት 2011 ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት እርሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ አንዳንዱ እህታችን ተሾመችልን ብሎ ተደሰተ፤ ከሞጣ በኋላ ያው ሰው እህታችን ሳለች እንዴት አለ። ሁለቱም አነጋገር ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ሹመትን እንደ ዘመድ ቤት መቁጠር። ሙስሊም ሹም ለሙስሊም ብቻ ቢቆም አማናውን በልቷል፤ ሙስሊም ስለሆነ ታማሁ ብሎ ሙስሊሙን ቢሸሽም እንዲሁ በልቷል። የመኽዙም ጎሳ የሆነችው ሴት በሰረቀች ጊዜ ለምልጃ የመጣውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዴት እንደ ገሠጹት፣ የገዛ ልጃቸውን ፋጢማን እንኳ እንደማይለዩ እንዴት እንደ ተናገሩ አንርሳ። የምንጠይቀው የእኛን ሰው አይደለም። ሐቁን የሚሰጥ ሰው ነው፤ ስሙ ገብሬም ይሁን ሙሐመድ።

ይህም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ሰሓቦች ከመካ ሸሽተው በ615 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ሐበሻ ሲመጡ ነጃሺ የእነርሱን ሃይማኖት የያዘ አልነበረም። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ፤ ስጦታውም ለንጉሡ ብቻ ሳይሆን ለሹማምንቱም የታደለ ነበር። ሹማምንቱ ሰዎቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው ይሰጡ አሉ። ነጃሺ ግን ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ፤ አስጠራቸው፤ ጃዕፈርን (ረ.ዐ.) አዳመጠ፤ ስጦታውንም መለሰ። ይህን ታሪክ ዘወትር ስለ እንግዳ ተቀባይነት እናወራዋለን። እኔ ግን ሳነብበው የማየው አንድ የጸጥታ ውሳኔ ነው። ጉቦ የበላው ሹም ቸኮለ፤ ያልበላው አዳመጠ።

ማዳመጥ ስል ደግሞ በር መክፈት ማለቴ ነው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) በኩፋ ቤተ መንግሥታቸው ላይ በር አድርገው ሕዝቡ ለመግባት ሲቸገር፣ ዑመር (ረ.ዐ.) ሹማምንትን ይቆጣጠሩላቸው የነበሩትን ሙሐመድ ኢብን መስለማን ልከው በሩን አቃጠሉት። ሰዕድ እኮ በጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ አንዱ ናቸው! ባለማመናቸው አልነበረም፤ በርና ሹም ተስማምተው ሲኖሩ ሕዝብ ደጅ እንደሚቀር ስላወቁ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ስለ አንድ የተወረወረ ድንጋይና ስለ ተሰበረ መስኮት ላመለክት አንድ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው፣ ሰው አልሞተ፣ ለምን ታስቸግራለህ አለኝ። በዚያ ቢሮ አቤቱታ የሚመዘገበው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑን ያን ዕለት ተረዳሁ።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድስት ወር፣ በኋላም በጥር 2016 ለተጨማሪ አራት ወር በተራዘመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ክልላችን ያየውን መከራ ሁሉም ያውቃል። ጦርነቱ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አልለየም፤ መንገድ ተዘጋ፤ ነጋዴ ሸቀጡን ይዞ ከቤት መውጣት ፈራ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ አንድ መስጊድ ጥበቃ ማውራት ለአንዳንዱ ትንሽ ነገር ይመስለው ይሆናል። ትንሽ አይደለም። ጠመንጃ በበዛበት አገር ጥቂት የሆነ ሕዝብ የሚጠበቀው በተዘረጋ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ጠመንጃ የለውማ።

ስለዚህ የየወረዳው የጸጥታ ኃላፊዎች የሚያደርጉት፣ ገንዘብም አዋጅም የማይጠይቅ ነገር አለ። ሞጣ ላይ ከሆነው ተነሥቶ፣ አንድ የእምነት ቤት ተነካ የሚል ወሬ በወጣ ቀን ማን ለማን እንደሚደውል፣ የትኛው ሚሊሻ የትኛው ደጅ ላይ እንደሚቆም፣ እውነቱን ለሕዝብ የሚናገረው ቄስና ኢማም ማን ማን እንደሆኑ ዛሬ፣ ነገሩ ሳይመጣ፣ በስም ይጻፍ። ከመስጊድ ኮሚቴዎችም የሚጠበቅ አለ። የኃላፊውን ደጅ እሳት በተነሣ ማግስት ሳይሆን በሰላሙ ቀን ማንኳኳት አለባቸው፤ በሩ ካልተከፈተ ያን ቀን በጽሑፍ መዝግበው ለዞን፣ ከዞንም ለክልሉ ቢሮ ይላኩ። ቅጂውን ደግሞ ለዚህ ጋዜጣ።